የእማማ ፈለቀች ጥርስ

ጋሼ በለጠ ስለ ዘራቸው ማውራት ከጀመሩ ምሳው ይቀዘቅዛል እንጂ ወሬው አይቀዘቅዝም። አርባ ዓመት ሙሉ በደሳ ላይ ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸውና ታሪክ ሲያወሩም በቁጥር ነው። እገሌ በዚህ ዓመት ተወለደ፣ በዚህ ዓመት ተሾመ፣ ይህን ያህል ኖሮ አረፈ ይሉና፣ የሰማው ሰው ራሱን በአድናቆት እስኪነቀንቅ ዝም ብለው ያዩታል። በዚያ መኸር ደግሞ ብሶባቸው ነበር። እናታቸው እማማ ፈለቀች ኅዳር ሃያ አንድ፣ በጽዮን ማርያም ዕለት፣ መቶ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ጋሼ በለጠ እሑድ እሑድ ከበደሳ በሚኒባስ እየመጡ ጭሮ ባለው የእናታቸው ቤት ሳሎን ውስጥ ይሰየማሉ፤ ለበዓሉ የሚነበበውን የቤተሰብ ታሪክ ከሰማያዊ ደብተራቸው እያነበቡ ቤተሰቡን ያለማምዳሉ። የእናታቸው ፎቶና «100» የሚል ቁጥር የታተመበት ሠላሳ ካናቴራም አሠርተዋል።

ገሊላ የዚህ ቤት ምራት ናት። ባሏ ህሩይ የእማማ ፈለቀች የልጅ ልጅ ነው፤ እናቱ በልጅነቱ ስለሞተችበት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አሁን አይሱዙ እየነዳ ከመቻራና ከበደሳ ቡና ይጭናል፤ ከሳምንቱ ግማሹን መንገድ ላይ ነው። ገሊላ ራሷ ከቦኬ የመጣች ልጅ ናት። አባቷ በአርባ ሁለት ዓመቱ ሞቷል፤ ከአያቷ ስም ወዲያ የምትቆጥረው ዘር የላትም። ስለዚህ እዚህ ቤት እንደገባች ሰሞን የጋሼ በለጠን ወሬ ትወደው ነበር። ረጅም ዕድሜ ያለበት ቤት የገባ ሰው ዕድሜው የሚጋባበት ይመስለዋል። ልጇን አክሱማዊትን ስትወልድ «ይቺ እንኳ ከደጉ ወገን ትሆናለች» ብላ አስባ ነበር።

«ግራዝማች አሰግድ» ብለው አነበቡ ጋሼ በለጠ የመጀመሪያው እሑድ። «የእማዬ አያት። መቶ ስድስት ዓመት ኖሩ። ሁለት መንደር በአንድ ጉድጓድ ውሃ ሊተላለቅ ሲል ወንበራቸውን አስመጥተው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጡ። ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ። ሳትታረቁ የምትቀዱ ከሆነ መጀመሪያ እኔን ገፍታችሁ ጣሉኝ አሏቸው። በሦስተኛው ቀን ታረቁ።»

«አቤት ግርማ» አለ ህሩይ፤ ይህንን ቢያንስ ሃምሳ ጊዜ ሰምቶታል።

«መቶ ሲሞላቸው ድዳቸው አዲስ ጥርስ አበቀለ። በሱ ቆሎ ቆረጠሙ። በዚያው ዓመት ትንሿ የልጅ ልጃቸው አረፈች። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ።»

ሁሉም ስለ ቆሎው ሳቁ። ገሊላም ሳቀች፤ ስለ ልጅቷ ግን ማንም ምንም አላለም። ጋሼ በለጠም እንደ ነጠላ ሰረዝ አልፈዋት ሄዱ።

በሁለተኛው እሑድ ተራው የአለቃ ጌድዮን ሆነ፤ የግራዝማች አባት ናቸው። መቶ አሥር ዓመት ኖረዋል፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ዳዊት ያለ መነጽር ደግመዋል። «መቶ ሲሞላቸው እሳቸውም ጥርስ አበቀሉ» አሉ ጋሼ በለጠ በኩራት። «የኅዳር በሽታ የገባበት ዓመት ነበር። ከዚሁ ቤት ሁለት ሕፃናት በአንድ ሳምንት ሲቀበሩ እሳቸውን አላስነጠሳቸውም።»

በዚህን ጊዜ ገሊላ አልሳቀችም። ቀና ብላ እማማ ፈለቀችን አየቻቸው። እማማ ጥግ ባለው ወንበራቸው ላይ ነጠላቸውን አፋቸው ድረስ ተከናንበው፣ ዓይናቸውን የደብተሩ ላይ ተክለው ነበር። እሳቸውም አይስቁም።

በሦስተኛው እሑድ ተራው የእማማ ፈለቀች እናት፣ የእመት ደስታነሽ ነበር። በሰማንያ ዓመታቸው መቻራ ላይ የቡና ችግኝ አስተክለው ፍሬውን የበሉ፣ መቶ ሦስት ዓመት የኖሩ ሴት ናቸው። ጋሼ በለጠ «መቶ ሲሞላት፣ በ1990...» ብለው ጀመሩና ቆም አሉ። ህሩይን አዩት። ከዚያ ገጹን ገለበጡና ስለ ቡናው ቀጠሉ።

ሒሳብ አስተማሪ ቁጥር ዘሎ ሲሄድ ማየት የሚያስፈራ ነገር ነው። ጋሼ በለጠ እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ጓሮ ሲወጡ ገሊላ ሳህን የምታነሳ መስላ ደብተሩን ገለጠችው። በዚያ በተስተካከለ የአስተማሪ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «1990። ደስታነሽ መቶ ሞላት። ጥርስ አበቀለች። ሚካል አረፈች።»

«ሚካል ማን ናት?» ብላ ህሩይን ጠየቀችው፣ መኪናውን ሊያጥብ ሲወጣ ተከትላው።

ባልዲውን አስቀመጠ። «እህቴ ነበረች። አራት ዓመቷ ነበር። ኩፍኝ ነው።»

«ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር እህት እንደነበረችህ አልነገርከኝም።»

«ምኑ ይነገራል?» አለና ጎማው ላይ ውሃውን ደፋው።

ገሊላ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈራች። ሞኝነት እንደሆነ ታውቃለች፤ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች፣ ስልኳ ላይ ስለ ሁሉም ነገር የምታነብ ሴት ናት። ፍርሃት ግን የት ድረስ ተምረሻል ብሎ አይጠይቅም። እጇ ሽንኩርት እየከተፈ ልቧ ይቆጥራል። አለቃ ጌድዮን፣ መቶ፣ ጥርስ፣ ሁለት ሕፃናት። ግራዝማች አሰግድ፣ መቶ፣ ጥርስ፣ የልጅ ልጅ። እመት ደስታነሽ፣ መቶ፣ ጥርስ፣ ሚካል። ከዚያ ኅዳር ሃያ አንድ ይመጣል። በቤቱ ውስጥ ያለችው ሕፃን ደግሞ አንድ ብቻ ናት።

በዚያው ሳምንት የአክሱማዊት የፊት ጥርስ ተነቀለ። ስድስት ዓመቷ ነውና ጊዜው ነው። እንደ ወጉ ጣሪያው ላይ ወረወረችው፤ ቆርቆሮው ኳ አለ፣ ልጅቷም እየዘለለች ገባች። ገሊላ አፏን ስታጥባት ልጅቷ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች።

«ማሚ፣ እማማም ጥርስ አብቅላለች።»

«ማን አለሽ?»

«እኔው ነኝ ያየሁት። እታች በኩል ነጭ ነገር አለ። ጣቴን አስነካችኝ፣ ይወጋል። ለማንም አትንገሪ ብላኛለች።»

ገሊላ ውሃው እጇ ላይ እየፈሰሰ ቆማ ቀረች። ጥርሱ አይደለም ያስደነገጣት፤ «አትንገሪ» የሚለው ነው። አሮጊቷ ያውቃሉ ማለት ነው። አውቀው ደብቀዋል።

አክሱማዊት ከተወለደች ጀምሮ የምትተኛው ከእማማ ጋር ነበር። ገሊላ በማግስቱ የልጅቷን ፍራሽ ወደ ራሷ ክፍል አዛወረች፤ ብርድ ነው አለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በጎረቤት በሙስሊማ ሱቅ እንድትቆይ አደረገች፤ እማማ ይረበሻሉ አለች። እማማ ፈለቀች ይህን ሁሉ አዩ። አንድ ቀን ብቻ «ልጅቷ የት ሄደች?» ብለው ጠየቁ፤ «እያጠናች ነው» ስትላቸው «ደግ» አሉ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቁም።

ሙስሊማ ግን ጠየቀች። የጨርቅ ሱቋ ከእነ ገሊላ አጥር ጋር ተያይዞ ነው የሚገኘው፤ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ ይማርሽ ትላለች።

«ማል ታቴ ገሊላ? ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

ገሊላ ነገረቻት። ሙስሊማ ጨርቁን መለካቷን ትታ ሰማቻት። ገሊላ እንደምትስቅባት ጠብቃ ነበር፤ አልሳቀችም።

«አቦ ተይ» አለች በመጨረሻ። «አኮ ፈለቀች፣ አያታችን፣ የእኔን አምስት ልጆች በጀርባዋ አዝላ ነው ያሳደገች። አንዱንም አልበላችውም። ዕድሜ የአላህ ነው፤ ሰው ከሰው አይሰርቀውም።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅሽ ዲሲ፣ ተዪው።»

ለመተው ብትሞክርም ነገሩ አልተዋትም።

ኅዳር አሥራ ሁለት ሆነ። በዚያ ቀን ጭሮ ከላይ እስከ ታች ትታጠናለች፤ ሰው የግቢውን ጥራጊ አውጥቶ በየደጃፉ ያነዳል፤ ያ የጥንቱ በሽታ እንዳይመለስ ነው። ጢሱ ከተራራው ሥር ተጋድሞ ውሎ ነበር። አክሱማዊት ከትምህርት ቤት እያሳለች ገባች። ገሊላ ጢሱ ነው አለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጅቷ ሶፋው ላይ ተጠቅልላ ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ጀመር፤ ሰውነቷ ሲነኩት ያቃጥላል።

ህሩይ መንገድ ላይ ነው፤ ስልኩ አይሠራም። ገሊላ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ስትንበረከክ ከኋላዋ የከዘራ ድምፅ ሰማች። እማማ ፈለቀች ግድግዳውን ይዘው ከክፍላቸው ወጥተዋል። ነጠላው ከአፋቸው ወርዷል። ጎንበስ ብለው እጃቸውን ወደ ልጅቷ ግንባር ሲዘረጉ አፋቸው ተከፈተ፤ ገሊላም አየችው። ድዱ ላይ ነጭ፣ ሹል ነገር።

ተነስታ በመካከል ቆመች።

«እማማ፣ ልጄን ይተዉልኝ።»

ከአፏ እንደወጣ ብትውጠው ደስ ባላት። የአሮጊቷ እጅ አየር ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። ምን ማለትሽ ነው አላሉም፤ አልተቆጡም። እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡና ነጠላቸውን መለሱ። ከዚያ ግድግዳውን ይዘው ወደመጡበት ተመለሱ፤ በሩንም ዘጉ።

ሙስሊማ ባጃጅ ጠርታ ገሊላና ልጅቷን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው። ደሟ ተመረመረ። ወባ ነው። አባቷ በወሩ መግቢያ ቡና ሊጭን ሲሄድ ይዟት ሄዶ ቆላው ላይ አንድ ሌሊት አድረው ነበር። መድኃኒቱን ሰጧት። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ፤ በአምስተኛው ቀን አክሱማዊት ፓስታ ካልተሠራልኝ ብላ አለቀሰች። ገሊላም ተደብቃ አለቀሰች። ደስታም ነበር፣ እፍረትም ነበር። ከሥሩ ግን ፍርሃቱ እንዳለ ነው። ትኩሳቱ ወርዷል፤ ኅዳር ሃያ አንድ ግን ገና አልደረሰም።

በመካከሉ የነቢያት ጾም ገብቶ ነበር። እማማ ፈለቀች በጾም ቀልድ አያውቁም። ገሊላ ሽሮውን በሳህን ታስገባላቸዋለች፤ «አስቀምጪው፣ ሰዓቱ ሲደርስ እበላለሁ» ይላሉ። በኋላ ሳህኑ ባዶውን ይወጣል። ዓይን ለዓይን መተያየት ስላፈሩ ከዚያ ያለፈ ቃል አልነበራቸውም። ይቅርታ መጠየቅ እንዳለባት ገሊላ ታውቃለች። ጠዋት ከሰዓት ትላለች፤ ከሰዓት ደግሞ ነገ ትላለች።

ኅዳር አሥራ ስምንት፣ ሐሙስ፣ ሙስሊማ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«ዶሮዎቼን ምን እያበላችኋቸው ነው? ሰሞኑን ከእናንተ ግቢ አይወጡም። እኔ ስጠራቸው ዞር ብለውም አያዩኝ።»

ገሊላ ዞራ አየች። ዶሮዎቹ ከእማማ ፈለቀች መስኮት ሥር ተሰብስበው ይራኮታሉ። ቀረበች። መሬቱ ላይ እንጀራ በሽሮ አለ። ከሥሩ የደረቀ የትናንቱ፣ ከዚያም በታች የትናንት ወዲያው።

በሩን ሳታንኳኳ ገባች። እማማ ፈለቀች አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ቀጭን ነጭ ክር ከአፋቸው ወርዶ እስከ አልጋው ብረት ይዘልቃል፤ ክሩ መሐሉ ላይ ቀልቷል። መዳፋቸው ላይ ጫፉ ብቻ ነጭ የሆነ ትንሽዬ ቡናማ ስብርባሪ ጥርስ ይዘዋል። ፊታቸው በአራት ቀን ውስጥ ጠፍቶ ዓይናቸው ብቻ ቀርቷል።

«ነቀልኩት» አሉ። ድምፃቸው ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። «እንዳንቺ ልጅ አድርጌ፣ በክር። ጣሪያው ላይ ወርውሪልኝ፣ የኔ እጅ አይደርስም።»

ገሊላ እግራቸው ሥር ወደቀች። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። በእግዚአብሔር ይቅር ይበሉኝ። ልጅቷ ድናለች፤ ወባ ነው፣ ወባ ብቻ ነው። ለምን አይበሉም?»

«አንቺ ምን አጠፋሽ፣ እናት ነሽ።» ደሙን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «እኔም ብያለሁ። ሚካል የታመመች ቀን እናቴ ፊት ቆሜ፣ ልጄን ተይልኝ ብያታለሁ። ቃል በቃል። እናቴ ምንም አላለችም፤ ራቷን በላች። ልጅቷ ሞተች። እናቴ ሦስት ዓመት ኖረች፤ ሦስቱንም ዓመት አንድ ቃል አልተናገርኳትም። ስትሞትም አልተናገርኳትም።» ጥርሱን በገሊላ መዳፍ ላይ አኖሩት። «አንቺ እንደዚያ እንድታዪኝ አልፈልግም። ሦስት ቀን ነው የቀረው። ሳልደርስበት ብሄድ ምን ይጎድላል?»

ገሊላ ይህን ስትሰማ የፈራችው ፍርሃት ከፊተኛው የባሰ ነበር። የፊተኛው ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ይሄንን ግን በገዛ አፏ አምጥታዋለች።

ሐኪም ተጠርቶ ግሉኮስ ሊተክል ሞከረ፤ እማማ እጃቸውን ነፈጉት። ህሩይ መጥቶ ለመነ፣ አለቀሰ፤ ራሱን ዳበሱለትና «መድኃኒቱን ልጅቷ ትጨርስ» አሉት። ዓርብ ጠዋት ጋሼ በለጠ ከበደሳ ደረሱ። ገሊላ ግቢው ውስጥ ጠብቃ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የጥርሱን፣ የደብተሩን፣ የራሷንም ቃል ሳትደብቅ። ጋሼ በለጠ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ለማሳመር ብዬ ነው።»

«ምኑን?»

ከቦርሳቸው ሌላ ደብተር አወጡ፤ ጥቁር ነው። «የሞቱት ሁሉ እዚህ አሉ። ግራዝማች አሰግድ አሥራ አራት ወልደው ዘጠኝ ቀብረዋል። በየዓመቱ ማለት ይቻላል። እማዬ ራሷ አራት ቀብራለች። በዚያ ዘመን የትኛው ቤት፣ በየትኛው ዓመት ነው ልጅ ያልሞተው? ይሄ ለድግስ አይነበብም ብዬ ተውኩት። ከመቶው ዓመት ጋር የገጠሙትን ብቻ ወደ ሰማያዊው ገለበጥኩ፤ ሲነበብ ልብ ይይዛል ብዬ።» ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ሒሳብ አስተማሪ እንዲህ ይቆጥራል?»

ገብተው አነበቡላቸው። ሁሉንም፣ ስም ስሙን፣ ዓመት ዓመቱን። በፈንጣጣ የሄደ፣ በተቅማጥ የሄደች፣ ስም ሳይወጣለት የሄደ። ሠላሳ አንድ ሕፃናት። እማማ ፈለቀች የራሳቸው አራቱ ሲጠሩ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ ለስልሳ ስንት ዓመት ማንም ጮክ ብሎ ያልጠራቸው ስሞች ናቸው።

«አየሽ እማዬ» አሉ ጋሼ በለጠ። «የኛዎቹ አራቱ ሲሞቱ በቤቱ ውስጥ መቶ የሞላው ሰው አልነበረም። ነገሩ ተረት ነው።»

«እውነትህን ይሆናል» አሉ እማማ። «ግን በሷ አልሞክረውም።»

ከዚህ በኋላ የሚባል ነገር አልነበረም። ገሊላ ቅዳሜን እንደዚያ ስትፈራ ዋለች። ልጅቷ በግቢው ውስጥ እየሮጠች ነው፤ እማማ ፈለቀች ትራሳቸው ላይ እያነሱ ነው። አንዷን በጆሮዋ፣ ሌላዋን በዓይኗ እየጠበቀች ከበር እስከ አልጋ ተመላለሰች። ድንኳን የሚተክሉት ሰዎች መጥተው ችካላቸውን ሲመቱ እያንዳንዱ ምት ደረቷ ላይ ያርፍ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ነገር አሰበችና ጋሼ በለጠን ወደ ጓሮ ጠራቻቸው።

«ጋሼ፣ ይሳሳቱ።»

«እንዴት?»

«ሒሳቡን ይሳሳቱ። አንድ ዓመት።»

ጋሼ በለጠ ወደ ድንኳኑ ተመለከቱ። ካናቴራው ታትሟል። ከበደሳ የጥንት ተማሪዎቻቸው፣ ካህናቱ፣ ሁለት መቶ እንግዳ ተጠርቷል፤ ሁሉም የሚመጣው በለጠ በቁጥር አይሳሳትም ብሎ ነው። ሰውየው በዕድሜያቸው ሙሉ ከዚህ በቀር የሚኮሩበት ነገር አልነበራቸውም። ቀይ እስክሪብቶ ከኪሳቸው አወጡና ገቡ።

አልጋው አጠገብ ቆመው ሰማያዊውን ደብተር ከፈቱ። «እማዬ፣ አንድ ስህተት አግኝቻለሁ። ታላቅ ወንድምሽ በተወለደ በሦስተኛው ዓመት ተወለድሽ ብዬ ነበር። በአራተኛው ነው። 1918 አይደለም፣ 1919 ነው።» አሮጌውን ቁጥር ሠርዘው በቀይ ጻፉና አሳዩዋቸው። ዘጠኟ ተጣመመች።

እማማ ፈለቀች ቁጥሯን አዩ፤ ከዚያ ልጃቸውን አዩ።

«በለጠ፣ ስንት ዓመት ነው ሒሳብ ያስተማርከው?»

«አርባ፣ እማዬ።»

«ተሳስተህ ታውቃለህ?»

ጋሼ በለጠ እስክሪብቶውን ከደኑ። «ዛሬ ተሳስቻለሁ።»

ገሊላ የበሩን መቃን ጨበጠች። እማማ ዓይናቸውን ወደ እሷ መለሱ። እንዳወቁ አወቀች፤ ያወቀች መሆኗንም እሳቸው አወቁ። ውጪ አክሱማዊት ከሙስሊማ ዶሮዎች ጋር ትጣላለች።

«እንግዲያ ነገ ዘጠና ዘጠኝ ነው የምሞላው» አሉ።

«ዘጠና ዘጠኝ» አሉ ጋሼ በለጠ።

«እስቲ አጥሚት አምጪልኝ።»

ገሊላ በማንኪያ አጠጣቻቸው። አምስት ማንኪያ፣ ከዚያ ዕረፍት፣ ከዚያ ሦስት። የተነቀለው ጥርስ ቦታ እያመማቸው ፊታቸውን ያጨማድዱ ነበር። ማታውኑ ሐኪሙ ሲመለስ እጃቸውን ሰጡት።

እሑድ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ካናቴራውን ገልብጦ ለበሰ፤ ስፌቱ በውጪ፣ ፎቶውና ቁጥሩ በውስጥ። ጋሼ በለጠ ድንኳኑ ውስጥ በሁለት መቶ እንግዳ ፊት ቆመው «ተሳስቼ ነው የጠራኋችሁ፣ እናቴ ገና ዘጠና ዘጠኝ ናት» ሲሉ ከጥንት ተማሪዎቻቸው አንዱ ከት ብሎ ሳቀ። ጋሼ በለጠ ጆሯቸው ቀላ፤ ግን አላስተባበሉም። ከዚያ ጥቁሩን ደብተር አውጥተው የሠላሳ አንዱን ሕፃናት ስም አነበቡ፤ ሚካል ስትጠራ ህሩይ ተነስቶ ቆመ።

እንግዳው ሲበተን ገሊላ የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ፈታች። ጥርሱን እስከዚያ ሰዓት አልወረወረችውም ነበር። መጣሉንም ማስቀረቱንም ፈርታ ሦስት ቀን ይዛው ዞራለች። አክሱማዊትን አስከትላ ወደ ጓሮ ሄደችና ወደ ጣሪያው ወረወረችው። ቆርቆሮው ላይ ተንከባሎ ተመልሶ እግሯ ሥር ወደቀ። ልጅቷ ሳቀች፤ ገሊላ ግን አልሳቀችም። አንስታ ደገመችው፤ ዳግም ወረደ። ስለሚቀጥለው ኅዳር አሰበች። ያኔ ምን ሊባል ነው? ስንት ጊዜ ነው አንድ ሰው በአንድ ዓመት የሚሳሳተው? አሮጊቷ እንዲኖሩም ትመኛለች፣ ያቺ ቀን እንዳትመጣም ትመኛለች፤ ሁለቱን በአንድ ጸሎት እንዴት እንደምታስገባቸው አታውቅም። ለሦስተኛ ጊዜ በሙሉ ኃይሏ ወረወረችው። ኳ አለ። ጠበቀች። አልተመለሰም።

ከውስጥ፣ በመስኮቱ በኩል፣ የደከመ ድምፅ መጣ።

«ቀረ?»

«ቀርቷል፣ እማማ» አለች ገሊላ።